ማወቅ ያለብዎ፦ በአትላንታ የምረቃ ግብዣ ቦታ ከመያዝዎ በፊት

አትላንታ ልጅ ያስተማረ ቤተሰብ ምረቃው ሲቃረብ ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ የግብዣው ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ አያት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ መኪና ነድተው የደረሱ አጎቶች፣ የተመራቂው ጓደኞች ሁሉ አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ወላጅ ልጁን ለማክበር ብሎ ፍለጋውን የሚጀምረው ስም ካለው ቤት ነው። እኔ የምመክርዎ ከሌላኛው ጫፍ እንዲጀምሩ ነው። መጀመሪያ እነማን እንደሚበሉ ይቁጠሩ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚበሉ ይጠይቁ፤ ቤቱን መጨረሻ ላይ ይምረጡ። አንድ ተጋባዥ ጦሙን የሚያድርበት ግብዣ፣ የቱንም ያህል ቢወጣበት፣ ተሳካ አይባልም።

1. ግቢው የትኛው ሰፈር ነው?

የአትላንታ ዩኒቨርሲቲዎች ተራርቀው ነው ያሉት። ጆርጂያ ቴክ ሚድታውን፣ ጆርጂያ ስቴት መሃል ከተማ፣ ሞርሃውስ፣ ስፔልማንና ክላርክ አትላንታ ከመሃል ከተማው በስተ ምዕራብ፣ ኤሞሪ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይገኛሉ። አግነስ ስኮት ኮሌጅ ያለው ዲኬተር ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ክላርክስተን በኩልም ጆርጂያ ስቴት ግቢ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከጆርጂያ ፔሪሜተር ኮሌጅ ጋር ሲዋሐድ ያገኘው ነው። ማርታ (MARTA) የሚባለው የከተማ ባቡር ለጆርጂያ ቴክ፣ ለጆርጂያ ስቴትና ለዲኬተር ይመቻል፤ ወደ ኤሞሪ ግን ባቡር የለም። ሽማግሌዎች ካሉ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ረጅም መንገድ አያስኪዷቸው። ፀሐይ ላይ ሲቆዩ የዋሉ ሰዎች መሆናቸውን አይርሱ።

2. ቀኑ የጾም ነው የፍስክ?

ምረቃው ሜይ ውስጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ኀምሳ ላይ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብም ቢሆን አይጾምም። ፋሲካ ሲዘገይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27፣ በፈረንጆቹ ሜይ 5 ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት በሜይ መጀመሪያ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ከሰሙነ ሕማማት ጋር ሊገጥም ይችላል። የዲሴምበር ምረቃ ደግሞ ሁልጊዜም በነቢያት ጾም ውስጥ ነው፤ ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። ስለዚህ ቦታ ከመያዝዎ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። ሙስሊም ተጋባዦች ካሉ ደግሞ ሥጋው ሐላል መሆኑን በስልክ ያረጋግጡ።

3. ጎመኑ በምን ተሠራ?

በአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች ባህል የሚሠራ ምግብ ለእኛ ሰው ፈተና ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሳህኑ ላይ የሚታየው ጎመን፣ ባቄላና አተር ብዙ ጊዜ በታጨሰ የአሳማ ሥጋ ይቀቀላል፤ አንዳንዱ ቤት በአሳማው ፋንታ የታጨሰ ተርኪ ይጠቀማል። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት አለበት። አስተናጋጁን «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በምን ተቀቀለ?» ይበሉ። ለጾመኛም «ቬጀቴሪያን» የሚለው አያዋጣም፤ ወተትና ቅቤ ያስገባልና «ቬጋን» ብለው ይዘዙ። ዲኬተር ያሉ የሕንድ ቤቶች ሥጋ የሌለበት ምግብ ሞልቷቸዋል፤ ሆኖም ቅቤና እርጎ ይገባበታል። ፎ የሚባለው የቬትናሞቹ ሾርባም ሥጋው ቢቀርለት እንኳ መረቁ ብዙ ጊዜ የከብት አጥንት ነው።

ይህን ጠይቀው ካጣሩ፣ ሞርሃውስ፣ ስፔልማን ወይም ክላርክ አትላንታ ልጅ ያስመረቀ ሰው ሁለት የአሜሪካ ደቡብ ምግብ ቤቶችን ሊያውቅ ይገባል። ፓስካልስን በ1947 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ጄምስና ሮበርት ፓስካል የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግና የትግል ጓደኞቹ ይሰበሰቡበት ነበር። በ1960 የዘር መለያየት ሕግን ተቃውመው የታሰሩ የእነዚሁ ኮሌጆች ተማሪዎች ሲፈቱ ወንድማማቾቹ ያበሏቸው ነበር። ቤቱ ዛሬ ኖርዝሳይድ ድራይቭ ላይ ነው፤ የሚታወቀውም በተጠበሰ ዶሮ ነው። በዚያው በ1947 ሉሲ ጃክሰን የከፈቷት ቢዚ ቢ ካፌም አሁን ድረስ አለች፤ በ2022 የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን «የአሜሪካ ክላሲክስ» ሽልማትን አግኝታለች። አሜሪካ ያደገ ልጅ የተማረበትን ሰፈር ታሪክ ለወላጆቹ ሊያሳይ ከፈለገ ከእነዚህ የተሻለ ገበታ ይገኛል ብዬ አላምንም።

4. ቀለል ያለ ቤት ይሻላል ወይስ ከፍ ያለ?

ጆርጂያ ቴክ አጠገብ ያለው ዘ ቫርሲቲ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪ ሲያበላ የኖረ ነው። ባንኮኒ ላይ አዘው፣ ትሪዎን ይዘው ይቀመጣሉ። ለልጆችና ለተማሪ ጓደኞች ምሳ ይሆናል፤ የሆት ዶጉ ሥጋ ከምን እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ቢዩፎርድ ሀይዌይ ደግሞ የኮሪያ፣ የቻይና፣ የቬትናምና የሜክሲኮ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው በመጠነኛ ገንዘብ ይጠግብበታል።

ከፍ ያለውን ከፈለጉ፣ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሽላን መመሪያ ወደ አትላንታ የመጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዚያ ዓመት አምስት ቤቶች አንድ አንድ ኮከብ አግኝተዋል፤ አትላስ፣ ባካናሊያ፣ ሐያካዋ፣ ሌዚ ቤቲና ሙጆ። እንዲህ ባሉ ቤቶች ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ማውጣት የተለመደ ነው። ሐያካዋና ሙጆ የጃፓን ሱሺ ቤቶች ናቸው፤ የሚቀርበውን የሚመርጠው ሼፉ ነው፤ አብዛኛውም ጥሬ ዓሣ ነው። ጥሬ ዓሣ ቀምሰው ለማያውቁ እናት ክብር ሳይሆን ጭንቀት ይሆንባቸዋል። እንዲህ ያለው ቤት ለወላጆችና ለተመራቂው ብቻ፣ በሌላ ምሽት፣ ተነጋግረው ሲወስኑ ያምራል።

5. የአገራችን ቤት ከሆነስ?

ከኤሞሪ ብዙም ሳይርቅ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ያለው ደስታ፣ የእኛም የፈረንጁም ደንበኛ የሚገናኝበት ነው። ክላርክስተንና አካባቢውም የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በያይነቱን ጾመኛው፣ ጥብሱን የፈሰከው፣ ቅመሙን ያልለመደው የክፍል ጓደኛም አልጫውን ይበላል። ቢሆንም አራት ነገር ይጠይቁ። እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ገብስና ስንዴ የተቀላቀለበት? ግሉተን የማይስማማው ተጋባዥ ካለ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። የጾሙና የፍስኩ ምግብ በተለያየ ትሪ ይቀርባል? ቡናው ተቆልቶ በሥርዓቱ ይፈላል? ማታ ሙዚቃ ካለ ደግሞ አያትና የልጅ ልጅ ተሰማምተው የሚያወሩበት ጸጥ ያለ ጥግ ይገኛል?

6. ሂሳቡ ስንት ይወጣል?

ሜኑ ላይ የሚያዩት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። በአትላንታ ከተማ ክልል የሽያጭ ታክሱ 8.9 በመቶ፣ በዲኬተርና በክላርክስተን 8 በመቶ ነው። ስምንት ሰው በ30 ዶላር ቢበላ 240 ዶላር ይሆናል። ታክሱ 21.36፣ 20 በመቶ ጉርሻው 48 ዶላር ሲጨመር የሚከፍሉት 309.36 ዶላር ነው። መጠጡና የመኪና ማቆሚያው ገና አልተነካም። ጉርሻውን ግን አይቀንሱ፤ በጆርጂያ ለጉርሻ ተቀባይ አስተናጋጅ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 2.13 ዶላር ብቻ ነው። ብዙ ቤት ለስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ጉርሻውን ራሱ ሂሳቡ ላይ ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ደረሰኙን ያንብቡ። ከፋዩ ማን እንደሆነም አስቀድመው ይስማሙ፤ «እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል ልጁን በጓደኞቹ ፊት ያስጨንቀዋል።

7. በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አይተዋል?

በጆርጂያ ማንኛውም ምግብ ቤት የጤና ቁጥጥር ውጤቱን መግቢያው አካባቢ መለጠፍ አለበት። ከ90 እስከ 100 «ኤ»፣ ከ80 እስከ 89 «ቢ»፣ ከ70 እስከ 79 «ሲ» ነው፤ ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ ለማዘዝ ካሰቡ ይህን ወረቀት ሳያዩ አይቀመጡ። የሐበሻም ይሁን የሌላ፣ መለኪያው አንድ ነው።

8. የቀረ ነገር አለ?

የምረቃ ሳምንት ቦታ ቶሎ ያልቃል፤ ቀኑ እንደታወቀ ይደውሉ። ሳይመጡ ቢቀሩ ገንዘብ የሚቆርጥ ቤት መሆኑን ይጠይቁ። ከአገር ቤት የመጡ እንግዶች መጠጥ የሚያዙ ከሆነ ፓስፖርት ይያዙ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ተመራቂ በምረቃውም ቀን ቢሆን አይቀዳለትም። መራመድ ለሚቸገር ሰው የተሽከርካሪ ወንበር መግቢያና ደረጃ የሌለው መጸዳጃ መኖሩንም ያጣሩ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ትልልቅ ሰዎችና ጾመኞች ባሉበት ለዋናው ግብዣ የአገራችንን ቤት ይምረጡ፤ ለታሪክና ለምሳ ፓስካልስን ወይም ቢዚ ቢን፣ ለሁለት ለሦስት ሰው ምሽት ኮከብ ያገኘውን። ዛሬውኑ የተጋባዦችዎን ስም ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የማይበላውን ያስፍሩ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ያንሱ።