በተርሚናል ታብ ውስጥ የማይሠራ የመነሻ ትዕዛዝ እንዴት ይመረመራል?

ተርሚናል ኢሙሌተር ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት የሚከፍት ፕሮግራም ሲሆን፣ በአንድ መስኮት ውስጥ በርካታ ታቦችን ከፍቶ በየታቡ ወዲያው የሚሠራ የመነሻ ትዕዛዝ መቀበልም ይችላል። በእጅ ሲጻፍ ያለችግር የሚሠራ ትዕዛዝ በዚህ መንገድ ሲሰጥ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ መስመር በሦስት አንባቢዎች ተራ በተራ ስለሚነበብ ነው፤ መጀመሪያ መስመሩ የተጻፈበት ሼል (ትዕዛዞችን ተርጉሞ የሚያስፈጽም ፕሮግራም)፣ ቀጥሎ ተርሚናሉ፣ በመጨረሻም በታቡ ውስጥ የሚነሣው ፕሮግራም ያነበዋል። ስለዚህ ጥቅሶችን በግምት ከመጨመርና ከመቀነስ ይልቅ፣ ስሕተቱ ከየትኛው አንባቢ ዘንድ እንደተፈጠረ በቅደም ተከተል መለየት ይገባል። የሚከተሉት ደረጃዎች በሊኑክስ ላይ የሚሠራውን የኤክስኤፍሲኢ ተርሚናል ምሳሌ ያደርጋሉ።

1. ሼሉ ያስተላለፈውን ማየት። እንደ ባሽ ያለ ሼል መስመሩን በክፍት ቦታዎች እየቆረጠ አርጉመንት ወደሚባሉ ቁራጮች ይከፍላል፤ በጥቅስ የታቀፈውን ግን እንደ አንድ ቁራጭ ቆጥሮ ውጫዊውን ጥቅስ አንሥቶ ያስተላልፋል። በድርብ ጥቅስ ውስጥ በዶላር ምልክት የሚጀምር ተለዋዋጭ እዚሁ በዋጋው ይተካል፤ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ያለው ሳይነካ ያልፋል። ይህን ለማረጋገጥ የተርሚናሉን ስም በፕሪንትኤፍ ትዕዛዝ ተክቶ እያንዳንዱን አርጉመንት በየራሱ መስመር ማሳተም ይበቃል፤ የመነሻ ትዕዛዙ በብዙ መስመሮች ተበታትኖ ከታየ የሚያቅፈው ጥቅስ ጎድሏል ማለት ነው።

2. የአማራጮችን ድንበር መለየት። ኮማንድ የተባለው አማራጭ መላውን ትዕዛዝ እንደ አንድ አርጉመንት ሲጠብቅ፣ ኤክሰኪዩት የተባለው ግን ከእርሱ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ እስከ መስመሩ መጨረሻ ለራሱ ይወስዳል። በዚህም ምክንያት ከኤክሰኪዩት በኋላ ሁለተኛ ታብ እንዲከፈት ቢጠየቅ ጥያቄው ለተርሚናሉ ሳይሆን ለመጀመሪያው ፕሮግራም ይደርሳል። ከአንድ በላይ ታብ በሚከፈትበት ጊዜ፣ እያንዳንዱን የታብ አማራጭ የራሱን ኮማንድ አስከትሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

3. ተርሚናሉ የማያውቃቸውን ምልክቶች መፈለግ። ተርሚናሉ የተቀበለውን ትዕዛዝ እንደገና በክፍት ቦታና በጥቅስ ይቆርጠዋል እንጂ ሼል አይደለም። ስለዚህ &&፣ ; እና | የተባሉትን ማያያዣ ምልክቶች ለፕሮግራሙ እንደ ተራ ቃል ያቀብላል፤ እንደ ሲዲ ያለ በሼሉ ውስጥ ብቻ የሚኖር ትዕዛዝ ሲሰጠውም ብዙውን ጊዜ ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት ያሳያል።

4. ሼልን በግልጽ መጥራት። እነዚህ ምልክቶች አስፈላጊ ሲሆኑ ባሽን ሲ ከተባለው አማራጩ ጋር ጠርቶ፣ የሚሠራውን ሁሉ በነጠላ ጥቅስ፣ ጠቅላላውን ደግሞ በድርብ ጥቅስ ማቀፍ ይገባል፤ የመጀመሪያው ሼል ድርቡን፣ ተርሚናሉ ነጠላውን ሲያነሡ ባሽ ንጹሑን ትዕዛዝ ያገኛል። ይሁን እንጂ በዚህ መልክ የተጠራ ባሽ ባሽአርሲ የተባለውን የግል ማዋቀሪያ ፋይል ስለማያነብ፣ በዚያ የተመዘገቡ የትዕዛዝ አቋራጮች አይሠሩም።

5. ብቅ ብሎ የሚጠፋን ታብ ማቆየት። ታቡ የሚዘጋው ፕሮግራሙ ሲያበቃ ስለሆነ መዘጋቱ ብቻውን የስሕተት ማስረጃ አይሆንም። ሆልድ የተባለው አማራጭ ሲጨመር ታቡ ክፍት ስለሚቆይ፣ የስሕተት መልእክት ካለ ማንበብ ይቻላል።

6. ረጅሙን ትዕዛዝ ወደ ፋይል ማዛወር። ትዕዛዙ ሦስተኛ የጥቅስ ደረጃ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በስክሪፕት ፋይል ጽፎ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያነበውን ሼል አመልክቶና የመሥራት ፈቃድ ሰጥቶ፣ ለተርሚናሉ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ብቻ መስጠት ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። አድራሻው ክፍት ቦታም ሆነ ልዩ ምልክት ከሌለው ሦስቱም አንባቢዎች በአንድ መልክ ያነቡታል፤ ትዕዛዙም በኋላ ሲሻሻል የጥቅሶቹን አቀማመጥ እንደገና ማስላት አያስፈልግም።