ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ የአሳማ ኪሳራ

በአሳማ ርባታ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው መኖ ሲወደድ ወዲያው ያውቃል። ፒ.አር.አር.ኤስ. የተባለው በሽታ ሲገባ ግን ኪሳራው ለገበያተኛው የሚታየው ዘግይቶ ነው። ቫይረሱ የሳንባን ተከላካይ ህዋሳት ያጠቃል፤ ግልገሎቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እርጉዞቹ መውለጃቸው ሲቃረብ ይጨነግፋሉ። (ወደ ሰው አይተላለፍም።) የጨነገፈው ግልገል ከገበያ የሚጎድለው ከ6 ወር ገደማ በኋላ በመሆኑ የዛሬውን ዋጋ ብቻ አይቶ መዋዋል ያሳስታል። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የተነሳው ብርቱ ዝርያ በ2007 ለታየው የአሳማ ሥጋ ዋጋ ንረት አንዱ ምክንያት ነበር። በአሜሪካም የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 እስከ 2020 የደረሰውን ኪሳራ በዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገምተውታል።

ታዲያ መላው ምንድነው? ክትባት አለ፤ ሕመሙን ያቀላል እንጂ መያዝን ጨርሶ አያስቀርም። ሁነኛው ዘዴ መንጋውን መዝጋት ነው። ይኸውም በመንጋው ያሉትን ሁሉ በሕያው ክትባት ወይም በዚያው ቫይረስ አለማምዶ፣ ለ200 ቀን ወይም ከዚያ በላይ አንዲትም አዲስ አሳማ አለማስገባት ነው። ቫይረሱ አዲስ የሚይዘው ሲያጣ ከመንጋው ይጠፋል። ሰባት ወር ያህል መተኪያ አለመግዛት ለባለሀብቱ ይመራል፤ በመሆኑም ብልህ አርቢ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዕድሜያቸው የተለያየ መተኪያዎችን አስቀድሞ ያስገባል።

በሩ ሲከፈት በርካሽ የተገኘች አንዲት ያልተመረመረች አሳማ፣ ያልተመረመረ የአውራ አባላዘር ወይም ታጥቦ ያልደረቀ የጭነት መኪና ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ሻጩ የደም ምርመራ ወረቀት ካላሳየ ግዥው ይቅር። ወረቀት ያላትም ብትሆን ተለይታ ትቆይና ከመንጋው ከመቀላቀሏ በፊት ደሟ እንደገና ይመርመር።