ከጋሪ ሠሪው ወርክሾፕ የወጣ ትምህርት

የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ (1469–1539) ከረጅም ጉዞዎቻቸው በኋላ በራቪ ወንዝ ዳር፣ ካርታርፑር ላይ መንደር ቆርቁረው እርሻ ያዙ። ተከታዮቻቸው ማለዳና ማታ አብረዋቸው ፈጣሪን ያመሰግናሉ፤ በመካከሉ ያለው ሰዓት የሥራ ነው። ዓለምን ትቶ መመነን የቅድስና ከፍታ ተደርጎ በሚታይበት አገር፣ ትዳር ይዞ በላቡ ወዝ የሚያድር ሰው ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብ ምንም አይጎድለውም ብለው አስተማሩ።

ሲኮች ኑሯቸውን በሦስት ነገር ላይ ያቆማሉ፤ የፈጣሪን ስም ዘወትር በማሰብ፣ በሐቀኛ ሥራ በመተዳደር፣ ያገኙትን በማካፈል። ጀማሪ ተማሪ እነዚህን ለየብቻ ሊያያቸው ይችላል፤ ጠዋት ጸሎት፣ ቀን እንጀራ ፍለጋ፣ ትርፍ ሲገኝ ምጽዋት። ትምህርቱ ግን አንዱ ከተነጠለ ሌሎቹም ይበላሻሉ ይላል። በሲኮች ዘንድ እንደሚተረከው፣ ጉሩ ናናክ የባለጠጋውን የማሊክ ባጎን ግብዣ ትተው ላሎ ከሚባል ድሃ አናጢ ቤት በሉ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ የሁለቱንም ቂጣ በእጃቸው ጨመቁ፤ ከአናጢው ወተት፣ ከባለጠጋው ደም ወጣ። በግፍ የተሰበሰበ ሀብት ተመጽውቶም አይነጻም ማለት ነው። እንግዲህ ደግነት የሚጀምረው ገንዘቡ ገና ሲሠራ ነው።

ይህን በኑሯቸው ካሳዩት አንዱ ባባ ፑራን ሲንግ (1898–1983) ናቸው። ከ1896 እስከ 1901 የተዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ ባቡር ቀደም ብሎ ብዙ የሲክ አናጢዎችንና ብረት ሠሪዎችን ወደ ኬንያ አምጥቶ ነበር። እሳቸውም ከሕንድ መጥተው በሻይ ተክል በተሸፈነችው ደገኛ ከተማ፣ በኬሪቾ፣ ጋሪ የሚሠራ ወርክሾፕ ያዙ። የመንፈስ አባት ሆነው የታወቁት ከሙያቸው ሸሽተው አይደለም፤ ዛሬም ሲኮች የሚያስቧቸው በዚያች የሥራ ከተማ ስም ነው።

በስተርጅና፣ በ1970ዎቹ፣ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በርሚንግሃም በፋብሪካና በብረት ማቅለጫ የሚውሉ፣ ከሲኮች አገር ከፑንጃብ የመጡ ብዙ ስደተኞች ነበሩባት። እዚያ ጉሩ ናናክ ኒሽካም ሴዋክ ጃታ የተባለውን የአገልጋዮች ማኅበር መሠረቱ። ኒሽካም ዋጋ የማይሻ፣ ምስጋናም የማይጠብቅ አገልግሎት ነው። የትምህርቱ ከባድ ክፍል እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገንዘብ መስጠት ይቻላል፤ ተቀባዩን ባለዕዳ ሳያደርጉ መስጠት ግን ልምምድ ይጠይቃል።

ላንጋር የሚባለው የሲኮች የነጻ ማዕድ የዚህ መለማመጃ ነው። ማንም ቢመጣ ሃይማኖቱና ወገኑ አይጠየቅም። ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ ይገባል፤ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፤ ምስርና አትክልት በቂጣ ይበላል። ሥጋ የማይቀርበው ሁሉም ያለ ስጋት እንዲቆርስ ነው። ዱቄቱን ያዋጣው ነጋዴና ኪሱ ባዶ የሆነው መንገደኛ ጎን ለጎን ሲበሉ፣ ሰጪና ተቀባይ ማን እንደሆነ ከውጭ ለሚያይ አይለይም። ውርደት የሌለበት እርዳታ እንዲህ ባለ ሥርዓት ካልተያዘ በበጎ ፈቃድ ብቻ ይጸናል ብዬ አላምንም።

ማኅበሩ በ1990ዎቹ የሲኮች ዋና መቅደስ የሆነውን የአምሪትሳርን ወርቃማ ቤተ መቅደስ የወርቅ ልባስ በማደስ አገልግሏል፤ በ2004 ባርሴሎና ላይ ለተሰበሰበው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላንጋር አቅርቧል። በበርሚንግሃም ትምህርት ቤቶች አሉት፤ በኬሪቾ ደግሞ በመሥራቹ ስም የተጠራ የሙያ ማሠልጠኛ አለው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ አገልግሎቱ ራሱ ኩራት ቢወልድስ? የሲክ ትምህርት ሰውን ከፈጣሪው የሚለየው «እኔ» ባይነት ነው ስለሚል ጉዳዩን አያቃልለውም። ስለዚህ ባለ ዲግሪውም ባለ ሱቁም የምእመናንን ጫማ ያጸዳል፣ ድስት ያጥባል፣ ወለል ይጠርጋል፤ በሥራው መካከልም የፈጣሪውን ስም በልቡ ይደጋግማል።