በፈተና ወቅት ሕመምን አለመደበቅ

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰው፦
• የፈተና ወቅት ለኮቪድ-19 ሥርጭት ለምን እንደሚያመች ያስረዳል፤
• ተማሪዎች የሕመም ምልክትን የሚደብቁበትን ምክንያትና መደበቅ የሚያስከትለውን ጉዳት ይገነዘባል፤
• በቤት፣ በኪራይ ክፍልና በትምህርት ቤት ከእርሱ የሚጠበቀውን ድርሻ ለይቶ ያውቃል።

መግቢያ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሊፈተኑ ሲዘጋጁ የነበሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ብሔራዊ ፈተናቸው ወደ 2013 ዓ.ም. ተሸጋገረባቸው። በመሆኑም ተማሪዎቻችን ወደ ትምህርት ገበታ ሲመለሱ ለወራት የተጠራቀመ ሥጋት ይዘው ነው የተመለሱት። «አሁንም ቢያመልጠኝስ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙዎች ልብ አልወጣም።

ይህ ሥጋት የጤና ጉዳይም ነው። ፈተና እንዳያመልጠው የሚሰጋ ተማሪ ጉሮሮውን ሲያመው ወይም ትኩሳት ሲሰማው ዝም ሊል ይችላል። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛና ስለ አካላዊ ርቀት ብዙ ተብሏል። ሕመምን በጊዜ መናገር ግን ከእነዚህ የማያንስ የመከላከያ መንገድ ሆኖ ሳለ እምብዛም አልተነገረለትም።

የፈተና ወቅት ለሥርጭት የሚያመችበት ምክንያት

ቫይረሱ በዋነኛነት የሚተላለፈው የተያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ወይም ሲተነፍስ ከአፉና ከአፍንጫው በሚወጡ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች አማካኝነት ነው። ትልልቆቹ ፍንጣቂዎች ቶሎ መሬት ላይ ያርፋሉ፤ እጅግ የደቀቁት ግን አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የሰው መብዛት፣ የተዘጋ ክፍልና ረዥም ቆይታ በአንድ ስፍራ ሲገናኙ አደጋው ይጨምራል።

የፈተና ወቅት ሦስቱንም በአንድነት ያመጣቸዋል። ተማሪዎች ማታ ማታ ተሰብስበው ያጠናሉ፤ ብርድና ጫጫታ እንዳይገባ በርና መስኮት ይዘጋሉ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ይጠጋጋሉ። የመፈተኛ ክፍል ድልድል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሁሉም ስሙን ለመፈለግ ይጋፋል። ከፈተና ሲወጡም በር ላይ ተሰብስቦ መልስ ማመሳከር የቆየ ልማድ ነው።

በወረዳ ከተሞች ደግሞ ልዩ ትኩረት የሚሻ ሁኔታ አለ። ከገጠር የመጡ ብዙ ተማሪዎች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ እሑድም ይመለሳሉ። በዚህ ምክንያት የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ በግቢው አጥር አይወሰንም፤ በዙሪያው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ጋር በየሳምንቱ ይገናኛል።

ለማስተማሪያ የቀረበ ምሳሌ

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች እንበል። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቧ ሄደች፤ ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣም ቡና ጠጣች። እሑድ ወደ ከተማ ተመለሰች። ሰኞ ማታ ጉሮሮዋን ከረከራት፤ ራሷንም አመማት። «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው» ብላ አለፈችው። ረቡዕ የሞዴል ፈተና ስለነበረ ለማንም አልነገረችም። ማክሰኞ ትኩሳት ሲጀምራት የትኩሳት ማስታገሻ ገዝታ ዋጠች፤ ማታም ከጓደኞቿ ጋር በር ዘግተው አጠኑ። ረቡዕ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሙቀቷ ተለካ፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን አብርዶት ስለነበር አለፈች።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ቁም ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ተማሪዋ ቅዳሜ ከአያቷ ጋር ቡና ስትጠጣ፣ ምንም ሳይሰማት፣ ቫይረሱን አስተላልፋ ሊሆን ይችላል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ሰኞ ማታ ተናግራ ቢሆን ኖሮ ግን ለቤተሰቧ ተደውሎ አያትየው ከሌሎች ሰዎች እንዲለዩና ጤናቸው በቅርብ እንዲታይ ማድረግ ይቻል ነበር። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው በበሽታው በጽኑ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ለእነርሱ የሁለትና የሦስት ቀን መዘግየት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሙቀት መለኪያ ሁሉንም ታማሚ አይለይም። የትኩሳት ማስታገሻ የወሰደ ሰው ሙቀቱ ለጊዜው ሊወርድ ይችላል፤ ትኩሳት ጭራሽ የማይታይባቸው ታማሚዎችም አሉ። መለኪያው የተማሪውን እውነተኛ ቃል ሊተካ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ዝምታው ተማሪዋን ራሷንም አልጠቀማትም። ሦስቱ የክፍል ጓደኞቿ ከቀናት በኋላ ቢታመሙ፣ የሚደርስባቸው ለሞዴል ፈተና ሳይሆን ለዋናው ፈተና በሚቀርቡበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይፈጃልና።

ተማሪዎች ለምን ይደብቃሉ?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይሁን እንጂ ሕመሙን የደበቀ ወጣት ሁሉ ቸልተኛ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቤተሰቡ ለቤት ኪራይና ለስንቅ ያወጣው ወጪ ከንቱ እንዳይቀር ይሰጋል። አንዳንዱ «ኮሮና ያለበት» ተብሎ በጓደኞቹ መጠቆምን፣ ከተከራየበት ቤትም መባረርን ይፈራል። ከሁሉም በላይ ግን ብዙው ተማሪ ቢናገር ፈተናውን በተመለከተ ምን እንደሚወሰንለት አያውቅም። መልሱን የማያውቅ ሰው የከፋውን ይገምታል፤ የከፋውን የገመተም ዝም ይላል።

ስለሆነም ተማሪውን «ለምን አልተናገርክም?» ብሎ ከመውቀስ በፊት፣ መናገር የማያስፈራበትን ሁኔታ ማመቻቸት የማኅበረሰቡ ኃላፊነት ነው።

ከእያንዳንዳችን ምን ይጠበቃል?

ሀ. ከተማሪዎች

1. ትኩሳት፣ ሳል፣ ድካም፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ራስ ምታት ወይም የማሽተትና የመቅመስ ስሜት መጥፋት ሲያጋጥም በዚያው ዕለት ለክፍል ኃላፊ መምህርና ለቤተሰብ መንገር፤ ወደ ትምህርት ቤትም አለመሄድ።
2. ወደ 8335 ወይም ወደ 952 በነፃ በመደወል ምክር ማግኘት፤ በአቅራቢያ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያ ማማከር። የመተንፈስ ችግር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም ግራ መጋባት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።
3. በቡድን ሲጠና በተቻለ መጠን ከቤት ውጭ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በረንዳ ላይ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ መቀመጥ። በቤት ውስጥ ከሆነም ቁጥርን መቀነስ፣ መስኮት መክፈትና አፍና አፍንጫን መሸፈን።
4. ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ከመሄድ በፊት ራስን መጠየቅ፤ ጥቂት እንኳ ሕመም ከተሰማ ጉዞውን ማስቀረት። ጤነኛ ቢሆኑም አረጋውያንን ከመሳም ይልቅ እጅን ደረት ላይ አድርጎ እጅ መንሳት የአክብሮት ሰላምታ ነው።

ለ. ከወላጆችና ከቤት አከራዮች

ወላጅ ለልጁ ሊያስተላልፈው የሚገባው የመጀመሪያ ቃል «ካመመህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» የሚል ነው። ልጅ በስልክ ሲደውል ስለ ጥናቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጤናውም ይጠየቅ። አከራዮችም የታመመ ተማሪን ከቤት ማስወጣት ቫይረሱን ወደ ሌላ ቤት መላክ መሆኑን ሊረዱ ይገባል። የሚቻል ከሆነ ለታመመው የተለየ ክፍል ይሰጠው። ይህ ካልተቻለ መኝታውን ከሌሎቹ ማራቅ፣ መስኮቱን መክፈት፣ የምግብና የመጠጥ ዕቃውን መለየት፣ በአንድ ትሪ አብሮ መብላትንና መጎራረስን ለጊዜው ማቆም ያስፈልጋል። ውኃና ምግብ በር ላይ ማስቀመጥ ከሥጋት የሚጠብቅ፣ ከሰብአዊነትም የማያጎድል መንገድ ነው።

ሐ. ከርእሳነ መምህራንና ከመምህራን

1. ፈተናው ከመድረሱ በፊት ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከጤና ጣቢያው ጋር በመነጋገር፣ በፈተና ዕለት ለሚታመም ተማሪ ምን እንደሚደረግ ማረጋገጥና ለተማሪዎች በግልጽ ማሳወቅ። መልሱ ለተማሪው የማያስደስት ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ማወቁ ከግምት ያድነዋል።
2. ተማሪው ሕመሙን በምስጢር የሚነግረው አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት መመደብ። የታመመን ተማሪ ስም በሰልፍ ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ ፈጽሞ አለመጥራት።
3. በሕመም ለቀረ ተማሪ ማስታወሻና የመለማመጃ ጥያቄ በጓደኞቹ በኩል ወይም በስልክ እንዲደርሰው ማድረግ። ቤት መቆየት ከትምህርት መራቅ እንዳልሆነ ተማሪዎች በተግባር ሲያዩ መናገር ይቀላቸዋል።

የፈተናው ዕለት

በዕለቱ የሚወሰዱ ጥንቃቄዎች ቀላል ቢመስሉም ዝግጅት ይጠይቃሉ። የክፍል ድልድሉ ከአንድ ቀን በፊት በተለያዩ ስፍራዎች ይለጠፍ። በበሩ አጠገብ ባለቧንቧ በርሜልና ሳሙና ይቀመጥ፤ እጅ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ይታጠብ፤ ውኃ በሌለበት ሳኒታይዘር ይቅረብ። በክፍሉ ግራና ቀኝ ያሉ መስኮቶች ፈተናው እስኪያልቅ ክፍት ይሁኑ። ፈታኙ የተፈታኙን ማንነት ሲያረጋግጥ መሸፈኛውን ማስወለቅ ካስፈለገው፣ ከክፍል ውጭ፣ ራቅ ብሎና ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ይያዝ።

የመጨረሻው ፈተና ሲያልቅ ደስታ ጥንቃቄን ያስረሳል። ወጣቶች ይተቃቀፋሉ፤ መሸፈኛቸውን ያወልቃሉ፤ በዚያው ዕለትም ጓዛቸውን ጭነው በተጨናነቀ መኪና ወደየቤታቸው ይጓዛሉ። በቤት የሚጠብቃቸው ሰው ግን አባት፣ እናትና አያት ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ክፍል በክፍል፣ በየተራ እንዲወጡ ማድረግ፣ በጉዞም አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መስኮት ከፍቶ መሄድ ይገባል።

ማጠቃለያ

ፈተና ለአንድ ወጣት የዓመታት ድካሙ የሚመዘንበት ቀን ነው፤ ሥጋቱን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ሕመሙን የደበቀ ተማሪ ሸክሙን ለጓደኞቹና ለአያቶቹ ያሸጋግራል፤ የተናገረ ተማሪ ግን ሌሎች እንዲጠነቀቁ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ተማሪው እንዲናገር የሚያደፋፍረው ደግሞ ወላጁ፣ አከራዩ፣ መምህሩና ጓደኛው የሚሰጡት ምላሽ ነው። ዛሬ ማታ በስልክ ወይም በማዕድ ስንገናኝ «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ብለን ከልብ እንጠይቅ፤ መልሱንም ሳንቆጣ እንስማ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ሰኞ ማታ ለማን መናገር ነበረባት? የተነገረውስ ሰው ምን ማድረግ ይገባው ነበር?
2. በእናንተ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ሕመሙን እንዳይናገር የሚያደርጉት ነገሮች ምንድን ናቸው? ከእነዚህ መካከል በዚህ ሳምንት ሊስተካከል የሚችለው የትኛው ነው?
3. በአንድ ክፍል አራት ሆነው የሚኖሩ ተማሪዎች ከመካከላቸው አንዱ ቢታመም እንዴት እንደሚያስታምሙት፣ ራሳቸውንም እንዴት እንደሚጠብቁ አስቀድመው ተመካክረው ይወስኑ።