ስለ ሸረሪት መርዝ፤ ሽንት ነውን ወይስ ንክሻ?

የሰው ቆዳ በድንገት ቀልቶ ውኃ ሲቋጥር በአገራችን «ሸረሪት ሸናበት» ማለት የተለመደ ነው። ሸረሪት ግን ሰውን የምትጎዳው በሽንትዋ አይደለም፤ መርዝዋ የሚገባው በንክሻ ነው። ይህ ልዩነት የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስለን፤ በሽተኛው የሚታከምበትን መንገድ የሚወስን ነገር ነው።

በመጀመሪያ «ሽንት» የተባለውን እንመልከት። ውኃ የቋጠረው ቍስል በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፎ የሚያቃጥል ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ነው። ምክንያቱ በነርቭ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓቶች ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በዓይን አጠገብ የወጣ እንደ ሆነም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሌላው ምክንያት ማታ ወደ መብራት የምትመጣ፥ ጥቁርና ብርቱካን መልክ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ናት፤ በቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ፈሳሽዋ ያቃጥላል።

በእውነት መርዘኛ ከሆኑት ሸረሪቶች መካከል «ጥቁር መበለት» የምትባለው የታወቀች ናት። ይህን ስም ያገኘችው እንስቲቱ ከተባዕቱ ጋር ከተገናኘች በኋላ አንዳንድ ጊዜ ስለምትበላው ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም። አካልዋ ያለ እግሮችዋ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሆኖ በሆድዋ ሥር ቀይ ምልክት አለበት። እኅትዋ ቡናማዋ መበለት በአፍሪካ በሰፊው ትገኛለች፤ የሆድዋ ምልክት ብርቱካን ይመስላል፥ የእንቍላልዋም ከረጢት እሾኻማ ነው።

የመርዙ ዋና ክፍል አልፋ ላትሮቶክሲን ይባላል። ይህም የነርቭ ጫፎች መልእክት አድራሽ ቅመማቸውን ያለ ልክ እንዲያፈሱ ስለሚያደርግ ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይኰማተራል። ንክሻው ራሱ እንደ መርፌ ውጊያ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ቆይቶ ግን ሕመሙ ወደ ሆድና ወደ ጀርባ ይስፋፋል፥ ላብም ያጠምቃል። ሆድ እንደ ጣውላ ስለሚደርቅ የትርፍ አንጀት በሽታ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካ የታተመ የ45 ሰዎች ጥናት የቡናማዋ ንክሻ ከጥቁሯ የቀለለ መሆኑን አሳይቷል። በንክሻው የሚሞት ሰው ጥቂት ነው፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ግን ይበልጥ ይጎዳሉ።

ቡናማዋ መበለት ከአህጉር ወደ አህጉር የተስፋፋችው በሰው ዕቃ ተጭና ነው። ስለዚህ ከጂቡቲ የመጣ ኮንቴይነር በሚራገፍበት በሞጆ ደረቅ ወደብ ለሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። መበለቶች ከድራቸው ብዙ አይርቁም፤ በደንጊያ ክምር፥ በአሮጌ ሣጥንና ጎማ፥ በውጭ ሽንት ቤትም ይደበቃሉ። የሚነክሱት ሰው ሲጫናቸው ነው። ስለዚህ ጫማን ከማጥለቅ በፊት ማራገፍ፥ ጨለማ ሥፍራ እጅን ዝም ብሎ አለመስደድ ይገባል።

የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙና አጥቦ ቀዝቃዛ ነገር ያድርግበት፤ መብጣትና መምጠጥ አይረዳም። እንግዲህ ቆዳው ውኃ የቋጠረበትም ሆነ ሆዱ የደረቀበት ሰው «ሸረሪት ነው» ብሎ በቤቱ ከሚቀር፥ ያየውንና የተሰማውን በዝርዝር ለሐኪም ይንገር።