በመኖሪያ ቤት የምግብ አሠራር ማሳያና ሽያጭ፦ የቤቱን እመቤት ስለማዘጋጀት

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

አዲስ የምግብ ዓይነት ለከተማ ነዋሪ ለማስተዋወቅ ከሱቅ ደጃፍ ይልቅ የጎረቤት ቤት ይመረጣል። እናቶች በዓይናቸው ያዩትን፣ በእጃቸው ያማሰሉትንና በአፋቸው የቀመሱትን በቀላሉ ይቀበላሉ። ይህ ዘዴ በውጭ አገርም የታወቀ ነው። ታፐርዌር የተባለው የአሜሪካ የፕላስቲክ ዕቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ዕቃውን ከሱቆች አውጥቶ በየቤቱ በሚደረግ ስብሰባ ብቻ መሸጥ ጀምሮ ነበር።

ሆኖም ዘዴው እንዳለ አይገለበጥም። በእኛ አገር ጠሪ አክባሪ ነው። ሰው ቤቷ የጠራች እመቤት አብልታና አጠጥታ መሸኘት ይኖርባታል፤ የተጠራው ሰው ደግሞ ቡና ጠጥቶ ባዶ እጁን መውጣት ያፍራል። በዚህ መካከል ሽያጭ ሲገባ እመቤቲቱ ከአቅሟ በላይ ታወጣለች፤ እንግዳውም በይሉኝታ ይገዛል። በይሉኝታ የገዛ ሰው ሁለተኛ አይገዛም። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ዓላማ መስተንግዶውንና ሽያጩን ለይቶ ማዘጋጀትን ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የተወሰደው በአራት ኪሎ አካባቢ የሚደረግ የአኩሪ አተር ሽሮ ማሳያ ነው።

ሀ. ስለ አኩሪ አተር ሽሮ እመቤቲቱ ማወቅ የሚገባት

አኩሪ አተር ከክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ሽምብራ ግን ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በአገራችን በጅማ፣ በወለጋ፣ በፓዊና በአሶሳ አካባቢዎች ይመረታል። የጾም ምግብ ስለሆነ በጾም ወራት ሥጋና ወተት ለማያገኝ ቤተሰብ ይጠቅማል።

ነገር ግን ጥሬውን ተፈጭቶ አይበላም። ጥሬ አኩሪ አተር ሰውነት ፕሮቲኑን እንዳይጠቀምበት የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም በሚገባ ሲቀቀል ይጠፋል። አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው።

1. ተለቅሞና ታጥቦ፣ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ተጨምሮ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። በቀዝቃዛ ውኃ ከተጣደ የጥሬነት ሽታው ይበረታል።
2. በእጅ ታሽቶ ልጡ ይወጣል፤ በፀሐይም በደንብ ይደርቃል።
3. ለዘብ ባለ እሳት ታምሶ፣ አንድ እጅ አኩሪ አተር ከሦስት እጅ ሽምብራ ወይም አተር ጋር ተደባልቆ፣ በርበሬና ቅመም ገብቶበት ይፈጫል።

ዱቄቱ ቅባት ስላለው ብዙ ከቆየ ይሻግታል። ስለሆነም በትንሽ በትንሹ ገዝቶ፣ ከድኖ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። አኩሪ አተር የማይስማማቸው ሰዎች ስላሉ ከመቅመስ በፊት ይጠየቃል።

ለ. ቀንና ሰዓት ስለመምረጥ

ማሳያው ከመደረጉ ከአንድ ሳምንት በፊት ሠራተኛዋ ከእመቤቲቱ ጋር ቀን ትቆርጣለች። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል።

1. ወር በገባ በ7 ብዙ እናቶች ወደ ቅድስት ሥላሴ፣ በ23 ደግሞ ወደ ጊዮርጊስ ስለሚሄዱ እነዚህ ቀኖች አይመረጡም። የእድር ስብሰባ የሚውልበት ቀንም እንዲሁ።
2. በጾም ቀን ከሆነ ጿሚዎች መቅመስ የሚችሉት ካስፈቱ በኋላ ስለሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይደረጋል። በረመዳን ወር ለሙስሊም ጎረቤቶች ቀን ላይ አይደረግም።
3. ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከሩቅ በታክሲ የሚመጡ የቀድሞ ጎረቤቶች ከተጠሩ ሳይመሽ እንዲመለሱ ሰዓቱ ይታሰብ።

የሚጠሩት ሰዎች ከ12 ባይበልጡ ይመረጣል። ከዚያ ከበዛ ድስቱን በቅርብ ማየት አይቻልም።

ሐ. ወጪን አስቀድሞ ስለመነጋገር

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። እመቤቲቱ በሐፍረት ስለ ወጪ አትጠይቅም፤ ሠራተኛዋም አታነሣም። ንግግሩን የምትጀምረው ሠራተኛዋ ናት። ለምሳሌ፦

ሠራተኛዋ፦ «እትዬ፣ ሰው ሲመጣ ምን ላቅርብ ብለው እንዳይቸገሩ። ሽሮውን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ እንጀራውንና ከሰሉን ማኅበሩ ያመጣል።»

እመቤቲቱ፦ «አይ ልጄ፣ ሰው ቤቴ ጠርቼ ሽሮ ብቻ? ምን ይሉኛል?»

ሠራተኛዋ፦ «የተጠሩት ለትምህርት እንጂ ለድግስ አይደለም፤ ስንጠራቸውም ይኸንኑ እንነግራቸዋለን። ቡናው የእርስዎ ይሁን፤ ቡናውንና ስኳሩን ግን እኛ እንችላለን።»

ለእመቤቲቱ ድካም የሚሰጠውም በዚያው ቀን ይወሰናል፤ ለምሳሌ አንድ ኪሎ ሽሮ። የሚሰጣት ነገር በሽያጩ መጠን የሚወሰን መሆን የለበትም። እንዲያ ከሆነ ጎረቤቶቿን ለመገፋፋት ትገደዳለች፤ ማኅበሩ ከሄደ በኋላ ግን ከጎረቤቶቿ ጋር የምትኖረው እርሷ ናት።

መ. ከማሳያው በፊት የሚደረግ ልምምድ

እመቤቲቱ ሽሮውን አንድ ጊዜ ለቤተሰቧ ሠርታ ትሞክረው። ራሷ ሳትቀምሰው በሰው ፊት ማመስገን የለባትም። ልጆቿ ካልወደዱት ያንኑ በግልጽ ትናገር፤ የቅመሙ ወይም የአቋላሉ ጉድለት ሊታረም ይችላል።

ለ12 ሰው ቅምሻ የሚበቃ፦ ሦስት የሻይ ብርጭቆ ሽሮ፣ ወደ አሥር ብርጭቆ ውኃ፣ አምስት መካከለኛ ሽንኩርት፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው፣ ስድስት እንጀራ። ይህ ለሁለት ድስት ይከፈላል፤ በአንዱ የተለመደው ሽሮ፣ በሌላው አኩሪ አተር ያለበት ይሠራል። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ከሰል ይዘጋጅ፤ በኮንዶሚኒየም ቤት ግን የከሰል ጭስ አደገኛ ስለሆነ በርና መስኮት ይከፈት።

ሠ. የዕለቱ ቅደም ተከተል

1. ሠራተኛዋ የስብሰባውን ዓላማና የሽሮውን ዋጋ ከሁሉ አስቀድማ ትናገራለች። ዋጋውም በጉልህ ተጽፎ ይለጠፋል።
2. እመቤቲቱ ትሠራለች፤ ሠራተኛዋ ታስረዳለች። ሽሮው እስኪንተከተክ ጥሬው አኩሪ አተር ለምን እንደማይበላ ይነገራል።
3. እንግዶች ሁለቱን ድስት የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው ይቀምሳሉ፤ አስተያየታቸው ይሰማል።
4. ቡና ይጠጣል። በቡናው ላይ አይሸጥም።
5. ከቡና በኋላ የማኅበሩ ሻጭ ከበር አጠገብ ይቀመጣል። የሚፈልግ ይገዛል፤ የማይፈልግ ደግሞ የማኅበሩ ሱቅ የት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ገንዘብ የሚቀበለውና ደረሰኝ የሚሰጠው ሻጩ እንጂ እመቤቲቱ አይደለችም።

የሽሮው እሽግ 250 ግራምና ግማሽ ኪሎ ቢሆን ለመሞከር ይመቻል። ሚዛኑም በገዢዎች ፊት ይታይ።

ረ. ክትትል

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሠራተኛዋ ወደ እመቤቲቱ ተመልሳ ጎረቤቶች ምን እንዳሉ ትጠይቃለች። በመዝገብ የሚያዘው ስንቱ በዕለቱ ገዛ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ ተመልሶ ገዛ የሚለው ጭምር ነው። የማሳያው ውጤት የሚለካው በሁለተኛው ቁጥር ነው። በዕለቱ ብዙ ተሸጦ ተመልሶ የገዛ ከሌለ፣ ወይ ሽሮው አልጣፈጠም፣ ወይ የተገዛው በይሉኝታ ነበር።

ማጠቃለያ

ቤቷን የከፈተች እናት ለማኅበሩ ያበደረችው ስሟን ነው። ወጪዋ ተሸፍኖላት፣ የምታስተዋውቀውን ምግብ አውቃው፣ ጎረቤቶቿም ሳይገደዱ ከሸኘቻቸው፣ በሌላ ቀን ራሷ ጠርታ ታስተምራለች።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ጥሬ አኩሪ አተር ተፈጭቶ የማይበላው ለምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ ለማሳያ የማይመቹ ቀኖች የትኞቹ ናቸው?
3. የእመቤቲቱ ስጦታ በሽያጭ መጠን ቢወሰን ምን ጉዳት ያስከትላል?