ከፒኜቶ ሆኖ የቅድመ አያትን መዝገብ መፈለግ

ትውልድ መቁጠር የሚችል አዛውንት በቤተሰባችሁ ውስጥ ዛሬም በሕይወት ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አስቀድማችሁ ለእሱ ደውሉ። እዚህ ፒኜቶም ሆነ ሌላው የሮም ሰፈር በሰው ቤት የምንሠራ ሰዎች በሳምንት የምናገኘው ዕረፍት እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ለስልክ ስጧቸው። መዝገብ ቤቱ ከርሞም እዚያው ይገኛል።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌላውም የርስት አገር አንድ ገበሬ መሬት የሚያገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ሽማግሌና ዳኛ ፊት ሲያስረዳ ነበር። ሐረግ የማያውቅ ሰው ተሟግቶ አያሸንፍም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር፣ ልጆች ሐረግ የሚያጠኑበት ዋናው ምክንያት አብሮ ቀረ። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል። 19ኛውን መቶ ዘመን በቃሉ ይዞ የቀረው ይህ ትውልድ ነው።

ታዲያ ስትደውሉ «ቅድመ አያታችን ማን ይባላሉ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አንድ ስም ትሰሙና ወሬው ያልቃል። ይልቅ «እማማ፣ ያንን የወንዝ ዳር መሬት በማን በኩል ነበር የያዝነው?» በሏቸው። ከእነማን ጋር እንደተሟገቱ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ ደብሩ የማን ታቦት እንደሆነ፣ አያታቸው የት እንደተቀበሩ ጠይቁ። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር የእናትን ወገን አትዝለሉ። የአባትን መስመር ብቻ የተከተለ ሰው የቤተሰቡን ግማሽ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜ መሬቱ የመጣው ደግሞ በዚያ በተጣለው ግማሽ በኩል ነው። ድምፃቸውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱ፤ የነገሯችሁን ስታሰፍሩ ከማን እንደሰማችሁና ቀኑን ከጎኑ ጻፉ።

የምትሰሙት ሐረግ ለሙግት የተዘጋጀ መሆኑንም አትርሱ። መሬት ለማግኘት ሲባል የማይጠቅመው ወንድም ይረሳል፣ የጀግናው ስም ይቀርባል፣ በመካከል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይዋጣሉ። ከተቻለ የተቃራኒውን ወገን፣ የተሟገቱትን የአክስት ልጆች፣ ለብቻ ጠይቁ፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ስም ከሁሉም ይበልጥ የሚታመነው ነው። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ብላችሁ አስሉ። ሰባተኛው አያት በግራኝ ዘመን ነበሩ የሚላችሁ ካለ፣ ግራኝ የሞተው በ1535 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ 16 ትውልድ ያስፈልጋል፤ የጠፉትን ፈልጉ። ዝም የሚባልበትም ቦታ አለ። ቅድመ አያታቸው በባርነት የተሸጡ፣ ወይም በሸክላና በብረት ሥራቸው የተናቁ ቤተሰቦች ያንን መስመር ይሸፍኑታል። አዛውንቱን አታስጨንቁ፤ በሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ በቀስታ ተመለሱበት።

ከዚህ በኋላ ወረቀት ፍለጋ ይመጣል። በእኛ አገር የ19ኛው መቶ ዘመን ተራ ቤተሰብ በልደት መዝገብ አይገኝም። የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ ነው፦ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ ከሥሩ የዳኛ፣ የዋስና የምስክር ስም። ሴቶች ገዥም ሻጭም ሆነው ይመጣሉ። የጎንደር አድባራት በዚህ ዓይነት ጽሑፍ የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን ከተማዋን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ዘረፏት፣ በ1880 ደግሞ ደርቡሽ አቃጠላት። ቴዎድሮስ ሰብስበው መቅደላ ካስቀመጧቸው መጻሕፍት ከ300 በላይ የሚሆኑት በሚያዝያ 1860 በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የጎንደር ሰው ከሆናችሁ የደብራችሁን ስም ይዛችሁ ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመውን የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር አገላብጡ። አገር ቤት የቀሩትን ደግሞ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ቅጂው ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የሂልን ስብስብ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል፤ ሌሊት ከሥራ በኋላ በስልክ ልትሠሩት የምትችሉት ይህንን ነው።

ጽሑፎቹን ማንበብ ስትጀምሩ ስም ያሳስታችኋል። ቤተሰብ የሚያውቀው የዓለም ስሙን ነው፤ ጸሐፊው የክርስትና ስሙን ሊጽፍ ይችላል፤ ተፈሪ መኮንን በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ እንደነበሩ አስቡ። ወታደር ከሆነ የፈረስ ስም፣ ሹም ከሆነ ማዕረግ ይጨመርበታል። ስለዚህ ስም ብቻ ገጠመ ብላችሁ ሁለት ሰዎችን አንድ አታድርጉ። ደብሩ፣ አገሩ፣ የሚስቱ ወይም የእናቱ ስም፣ ማዕረጉ፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። እኔ ይህን ሳያሟላ የተቀጠለ ሐረግ ሳይ እርሳስ አውጥቼ ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን በሚያሳይ በነጠብጣብ መስመር እመልሰዋለሁ።

ዘመኑም ብዙ ጊዜ በቁጥር አይጻፍም፤ በወንጌላዊ ይጻፋል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ዓድዋ በ1888 ስለሆነ ዘመኑ ዮሐንስ ነበር። አንድ ሽያጭ «በዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት፣ በዘመነ ማርቆስ» ቢል፣ ንጉሡ የነገሡት ከ1847 እስከ 1860 ነውና ሊሆን የሚችለው 1850፣ 1854 ወይም 1858 ብቻ ነው። አዛውንቱ ስለ ቅድመ አያታችሁ «በክፉ ቀን (በታላቁ ረኃብ ጊዜ) ሕፃን ነበረ» ካሏችሁ ደግሞ ልደቱን በ1880 ዓ.ም. አካባቢ አድርጉና ከሦስቱ ዓመታት ጋር አገናዝቡት፤ ሻጩ አባቱ ነው ወይስ አያቱ የሚለው ያኔ መልስ ያገኛል።

ለዚህ የወረቀት ፍለጋ ሮም መኖራችንም ይጠቅመናል። ከፕሬኔስቲና ትራም ይዛችሁ ቴርሚኒ ከደረሳችሁ፣ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው፤ የተዘጋው የአፍሪካና የምሥራቅ ተቋም መጻሕፍት፣ ካርታዎችና ፎቶዎች እዚያ ገብተዋል። ትራስቴቬሬ፣ ኮርሲኒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የሊንቼይ አካዳሚ የካርሎ ኮንቲ ሮሲኒን የብራና ስብስብ ይዟል። ሰውዬው ኤርትራ ውስጥ በሹመት ሲሠራ የደጋውን ሕዝብ የዘር ትውፊት እየጠየቀ መዝግቧል፤ በዚያ ደጋ ቤተሰብ ያላችሁ ጽሑፎቹን አትለፉ። ቤተሰቡ ካቶሊክ ከነበረ ወይም ከሚሲዮን ጋር ከተገናኘ፣ እ.ኤ.አ. ከ1839 በአቡነ ያዕቆብ ዴ ያቆቢስ፣ ከ1846 በአቡነ ማስያስ የተጀመሩትን ሚሲዮኖች የተመለከቱ ወረቀቶች በጃኒኮሎ ባለው የፕሮፓጋንዳ ፊዴ ቤተ መዛግብት ፈልጉ። የቀድሞው የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር መዛግብት ደግሞ በፋርኔሲና፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታሪካዊ ቤተ መዛግብት ናቸው። እዚያ ገበሬ አትጠብቁ። ሹማምንት፣ ነጋዴዎች፣ አስተርጓሚዎችና መልእክተኞች ናቸው የሚገኙት፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ከደጃዝማች መኮንን ጋር ሮም የመጣው ልዑክ ዓይነት ጉዳይ ያላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ለፋርኔሲና አስቀድማችሁ በኢሜል ቀጠሮ ጠይቁ። ጣልያንኛችሁ ለሥራ ቤት የሚበቃ ቢሆን እንኳ ደብዳቤውን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጃችሁ ያስተካክልላችሁ። የምትፈልጉትን ሰው ስም፣ አገርና ከዚህ እስከዚህ ያለውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ስሙን በሦስት በአራት ዓይነት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ጣልያኖች ወልደን በ«ኡ» ይጀምሩታል፣ ከኃይሌ ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ ይጥሉታል፣ ሁለቱን የስም ክፍሎች አንድ ላይ ይገጥማሉ። የመኖሪያ ፈቃድ (ሶጆርኖ) እና የፓስፖርት ቅጂ አያይዙ። የንባብ ክፍሎች እሑድ ስለሚዘጉና ከሰዓት ቀድመው የሚዘጉም ስላሉ፣ ቀኑ ከታወቀ በኋላ ከአሠሪያችሁ ጋር የሐሙሱን ከሰዓት በጠዋት ለመለወጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ተነጋገሩ።